ያውቁ ኖሯል? እንግዴ ልጅ በአልትራሳውንድ ሲታይ

ትንሽ ጽንስ ሁሉ የታመመ ጽንስ አይደለም። ክብደቱ ከእኩዮቹ ዝቅተኛው 10 በመቶ ውስጥ ቢወድቅም ትንሽነቱን ከእናት ከአባቱ የወረሰ ጤነኛ ብዙ አለ። ሐኪሙን የሚያሳስበው እንግዴ ልጁ ሳይመግበው ቀርቶ የቀጨጨው ነው። ሁለቱን ለመለየት ከክብደት ግምት ይልቅ የደም ፍሰት ይናገራል።

ዘጠኝ ወር የሞላው እንግዴ ልጅ ግማሽ ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ጥቃቅን ቅርንጫፎቹ ቢዘረጉ ግን ከ10 ካሬ ሜትር በላይ ይሸፍናሉ።

በእትብት ውስጥ ሁለት ደም ቅዳና አንድ ደም መልስ አሉ፤ ሥራቸውም ከእኛ ሰውነት የተገላቢጦሽ ነው። ኦክስጅን ያዘለውን ደም ለጽንሱ የሚያመጣው ደም መልሱ ነው።

በአልትራሳውንድ የደም ፍሰትን የሚለካው የዶፕለር ምርመራ የሚያተኩረው ግን በደም ቅዳዎቹ ላይ ነው። የጽንሱ ልብ ሲመታ ደም ወደ እንግዴ ልጁ ይገፋል፤ በጤነኛ እርግዝና ልቡ በሁለት ምት መካከል ሲያርፍ እንኳ ፍሰቱ አይቋረጥም። በእንግዴ ልጁ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ሲጎዱ መንገዱ ይጠብባል፤ የዕረፍት ጊዜው ፍሰት መጀመሪያ ይቀንሳል፣ ቀጥሎ ይቆማል፣ ሲብስ ደሙ ወደ ኋላ ይመለሳል። የሚያስገርመው፣ ለውጡ በማሽኑ ላይ በግልጽ የሚታየው ሲሶ ያህሉ የደም ሥር ከተጎዳ በኋላ መሆኑ ነው። ስለዚህ «የእትብቱ ፍሰት ደህና ነው» መባል ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ በተለይ ከ32ኛው ሳምንት በኋላ በሚጀምር የዕድገት መገታት።

ያኔ ወሬውን የሚያወጣው የጽንሱ አንጎል ነው። ኦክስጅን ሲያንሰው ጽንሱ የአንጎሉን ደም ሥሮች አስፍቶ ያለውን ደም ወደዚያ ያደላል። ጭንቅላቱ ሳይቀንስ ሆዱ የሚቀጥነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ምርመራው በስሙ የተጠራለት ክርስቲያን ዶፕለር እ.ኤ.አ. በ1842 በፕራግ ሐሳቡን ሲያቀርብ የሚያወራው ስለ ከዋክብት ብርሃን ቀለም ነበር! የግላስጎው ሐኪም ኢያን ዶናልድ ደግሞ የመጀመሪያ የአልትራሳውንድ ሙከራውን ያደረገው የብረት ስንጥቅ በሚፈለግበት መሣሪያ ነው፤ የጽንስ ምስሎቹን እ.ኤ.አ. በ1958 አሳተመ። የእትብት ደም ፍሰት በዶፕለር መለካቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1977 ከደብሊን ነው።

በእንግዴ ልጅ ላይ የሚታዩ ነጫጭ የካልሲየም ነጠብጣቦች እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ከ0 እስከ 3 ደረጃ ተሰጥቷቸዋል። ሪፖርታቸው ላይ «ደረጃ 3» አንብበው እንቅልፍ ያጡ እናቶች ይህን ይስሙልኝ፦ በመውለጃ ሰሞን ከሆነ የተለመደ ነው። ጊዜው ሳይደርስ ሲመጣ ግን ክትትል ይገባዋል። ከነጠብጣቡ ይልቅ የእንግዴ ልጁ ቅርጽ አንዳንዴ ይበልጥ ያስጠረጥራል፤ መሠረቱ ጠቦ ሽቅብ ያበጠ፣ የእናትየዋ ሆድ ሲነካ እንደ ጄሊ የሚንቀጠቀጥ እንግዴ ልጅ ብዙ ጊዜ ደካማ ነው።

ወደ ማሕፀን የሚገባው ደም በእርግዝና ከ10 እጥፍ በላይ ይጨምራል። የእንግዴ ልጁ ሕዋሳት የእናትየዋን ጠመዝማዛ ደም ሥሮች ካላሰፉላት ይህ አይሆንም።

ዕድሜው ያልታወቀ ጽንስ ትንሽ ይሁን አይሁን ማንም ሊፈርድ አይችልም። የወር አበባዋን «ከጥምቀት ሰሞን» ብላ የምታስታውስ እናት ሁለት ሳምንት ብትስት ጤነኛው ቀጫጫ፣ ቀጫጫው ጤነኛ መስሎ ይታያል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ አልትራሳውንድ ይነሳ ያለው በከፊል ለዚህ ነው።

የደከመ እንግዴ ልጅን የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለም። ሲልዴናፊል፣ በገበያ ስሙ ቪያግራ፣ ተስፋ ተጥሎበት ነበር፤ የሆላንዱ ሙከራ ግን የሕፃናት ሞት ስለታየበት እ.ኤ.አ. በ2018 ተቋረጠ። የቀረው መፍትሔ በትክክለኛው ቀን ማዋለድ ነው፤ ዶፕለርም ዋና ጥቅሙ ቀን ማስመረጡ ነው። አስጊ እርግዝና ባላቸው እናቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ የጽንስና የጨቅላ ሞትን በ29 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ስጋት በሌለበት እርግዝና ግን እንዲህ ያለ ጥቅም አልታየም።