በዘር የሚወረስ የልብ ጡንቻ ሕመም በኤምአርአይ እንዴት ይመረመራል?

መርጡለ ማርያም፦ ጤነኛ መስሎ የሚታይ ወጣት በእርሻ ላይ ወይም በገና ጨዋታ መካከል በድንገት ወድቆ ሕይወቱ ሲያልፍ፣ ለቅሶ የደረሰው ሁሉ ምክንያቱን በየፊናው ይገምታል። አንዱ ምች ነው ይላል፤ ሌላው የሰው ዓይን ነው ይላል። የሟቹ ወንድሞች፣ እኅቶችና ልጆች ያው አደጋ አለባቸው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም።

የእንዲህ ዓይነቱ ሞት መንስኤዎች ብዙ ናቸው። አንደኛው በዘር የሚተላለፍ የልብ ጡንቻ ሕመም ሲሆን ሐኪሞች ካርዲዮማዮፓቲ ይሉታል። በስፋት የሚታወቀው ዓይነት የልብ ጡንቻ ያለ ደም ግፊትና ያለ ሌላ በቂ ምክንያት የሚወፍርበት ነው፤ ከ500 ሰዎች አንዱ ያህል እንዳለበት ይገመታል። የእግር ኳስ ተከታታዮች ካሜሩናዊውን ማርክ ቪቪየን ፎዬን ያስታውሳሉ። ሰኔ 19 ቀን 1995 ዓ.ም በፈረንሳይ ሊዮን ከተማ፣ ከኮሎምቢያ ጋር በተደረገ ጨዋታ ሜዳ ላይ ወድቆ ሲሞት በአስከሬን ምርመራ የተገኘበት ይኸው ሕመም ነበር።

በአገራችን ስለ ልብ ሕመም ሲነገር ቀድሞ የሚነሣው በልጅነት ከሚከሰት የጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብን በሮች የሚጎዳው ነው። ይህኛው የተለየ ነው፤ ችግሩ ያለው ደም በሚገፋው ጡንቻ ላይ ነው፤ መነሻውም ከወላጅ የተወረሰ ጉድለት ነው። ከወላጆች አንዱ ጉድለቱ ካለበት እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። ከብት የሚያረባ ገበሬ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ የኮርማው መልክ በሁሉም ጥጆች ላይ ባይወጣም በአንዳንዶቹ ላይ ይወጣል። የጥጃ መልክ ግን ከሩቅ ይታያል፤ የልብ ጡንቻ አይታይም። ጉድለቱን የወረሰ ሰው ለዓመታት ምንም ሳይሰማው ሊኖርም ይችላል።

የምርመራው መጀመሪያ ምንም መሣሪያ የማይጠይቅ የሐኪም ጥያቄ ነው፦ ከቤተሰቡ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ አለ? ዳገት ሲወጡ ወይም ሲሮጡ ራስን መሳት፣ የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ያጋጥማል? ከዚያ የልብን ኤሌክትሪክ የሚመዘግበው ኢሲጂና የልብ አልትራሳውንድ፣ በተለምዶ ኢኮ የሚባለው፣ ይከተላሉ። በአዋቂ ሰው የልብ ግድግዳ ውፍረት 15 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ሕመሙ ይጠረጠራል፤ በቤተሰብ ውስጥ ታማሚ ካለ 13 ሚሊ ሜትርም በቂ ነው። ለእነብሴ ሳር ምድር ወረዳ ነዋሪ ይህ ማለት በአቅራቢያው ካለ ጤና ተቋም ተነሥቶ በሪፈር ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ባሕር ዳር መሄድ ሊሆን ይችላል።

ኢኮ የልብን ጫፍና አንዳንድ ግድግዳዎች አጥርቶ ላያሳይ ይችላል። ኤምአርአይ የሚያስፈልገው በዚህ ጊዜ ነው። መሣሪያው እንደ ራጅ ጨረር አይጠቀምም፤ በኃይለኛ ማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ ይሠራል። ልብ ስለማያርፍ ምስሉ የሚነሣው ከልብ ምት ጋር እየተናበበ ነው፤ ታካሚውም በየመሐሉ ትንፋሹን እንዲይዝ ይነገረዋል። ምርመራው አንድ ሰዓት ያህል ሊወስድ ይችላል። ልዩ ሶፍትዌርና የሠለጠነ ባለሙያ ስለሚጠይቅ ኤምአርአይ ያለው ተቋም ሁሉ ልብን አይመረምርም፤ ከመጓዝ በፊት ማጣራት ይበጃል።

ምርመራው ልብ በእያንዳንዱ ምት ከያዘው ደም ምን ያህሉን እንደሚገፋ ይለካል። ይህ ቁጥር ብቻውን ሊያታልል ይችላል፤ ጡንቻው የወፈረ ልብ ደሙን በደንብ እየገፋ የጡንቻው መኮማተር ግን በየቦታው የደከመ ሊሆን ይችላል። ኤምአርአይ የእያንዳንዱን የጡንቻ ክፍል እንቅስቃሴ ለይቶ ስለሚከታተል ይህን ድካም ያወጣዋል።

ከሁሉም በላይ የሚፈለገው ግን ጠባሳው ነው። ጋዶሊኒየም የተባለ ንጥረ ነገር ያለበት ፈሳሽ በደም ሥር ይሰጥና 10 ደቂቃ ያህል ከቆየ በኋላ ልብ እንደገና ይቀረጻል። ነገሩ ከዝናብ በኋላ እንደሚታይ ማሳ ነው፤ ቀይ አፈር ውኃውን ቶሎ ሲያሰርግ መረሬው ይዞት ይቆያል። ጤነኛው ጡንቻም ፈሳሹን ቶሎ ይለቃል፤ ጠባሳው ይዞት ስለሚቆይ በምስሉ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል። ጠባሳ የልብን ምት በድንገት ሊያዛባ ይችላል፤ ከጡንቻው 15 በመቶና ከዚያ በላይ ሲሆን የድንገተኛ ሞት ስጋት ከፍ ይላል። ሐኪሙ መድኃኒት ብቻ ይበቃል ወይስ በደረት የሚቀበር የልብ ምት አስተካካይ መሣሪያ ያስፈልጋል የሚለውን ሲወስን ይህንን ከሌሎች ምልክቶች ጋር ያመዛዝናል።

ሕመሙ የተገኘበት ሰው ወላጆች፣ ወንድሞች፣ እኅቶችና ልጆች በኢሲጂና በኢኮ መታየት አለባቸው። ሕመሙ ዘግይቶ ሊገለጥ ስለሚችል አንድ ጊዜ ነጻ መባል አይበቃም፤ ልጆች በየአንድ እስከ ሦስት ዓመቱ፣ አዋቂዎች በየሦስት እስከ አምስት ዓመቱ ይደገምላቸዋል።

ወደ ኤምአርአይ የሚገባ ሰው በሰውነቱ ውስጥ የቀረ ጥይት፣ ፍንጣሪ ወይም ሌላ ብረት ካለ አስቀድሞ መናገር ይኖርበታል፤ ማግኔቱ ብረቱን ሊያንቀሳቅስ ወይም ሊያሞቅ ይችላል። የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ሰዎችና ነፍሰ ጡሮችም ጋዶሊኒየም ከመሰጠቱ በፊት ለባለሙያው ማሳወቅ አለባቸው።