ያውቁ ኖሯል? ልጅ በደቂቃ ስንት ቃል ያነባል?

የልጅን የንባብ ፍጥነት ለመለካት አንድ ደቂቃ ይበቃል። ልጁ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ መምህሩ በትክክል የተነበቡትን ቃላት ይቆጥራል።

ሐስብሩክና ቲንዳል የተባሉ የንባብ ተመራማሪዎች በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሰንጠረዥ፣ መካከለኛው አሜሪካዊ ተማሪ 1ኛ ክፍልን ሲጨርስ በደቂቃ 60 የእንግሊዝኛ ቃላት ያነባል። 2ኛን ሲጨርስ 100 ይደርሳል። ከዚያ ዕድገቱ ይቀዘቅዛል፤ በ3ኛ ክፍል ማብቂያ 112 ነው።

በኢትዮጵያ በ2010 እ.ኤ.አ. በስድስት ቋንቋዎች የተካሄደው ምዘና ያሳየው ግን እጅግ ያሳዝናል፦ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲትም ቃል አላነበቡም።

የእንግሊዝኛውን መለኪያ እንዳለ ወደ አማርኛ ማምጣት ግን ልጆችን መበደል ነው። እንግሊዝኛ በአራት ቃል የሚለውን አማርኛ «አልመጣችም» ብሎ በአንድ ቃል ይጨርሰዋል።

ደግሞ «አለ» የሚለውን ይመልከቱ። ላልቶ ሲነበብ «ተናገረ»፣ ጠብቆ ሲነበብ «ይገኛል» ማለት ነው፤ ፊደሉ ግን ልዩነቱን አያሳይም። በዚህ ቃል ላይ ቆም ብሎ ዐረፍተ ነገሩን መልሶ የሚያይ ልጅ ደካማ አንባቢ ላይሆን ይችላል፤ ትርጉሙን እየፈለገ ሊሆን ይችላል።