ሲበርድ መንገድ የሚከፈትለት ወረዳ

ወረዳ ሲባል በቅሎ ጭኖ በሁለት ሦስት ቀን የሚያዳርሱት አገር ለሚመስለው ሰው ኤቨንኪያ ግራ ታጋባለች። በሳይቤሪያ፣ በሩሲያ ክራስኖያርስክ ግዛት ሥር ያለች አንዲት ወረዳ ናት፤ ስፋቷ ግን 763 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቱርክን ለማከል የሚቀራት ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ሕዝቧ ሲቆጠር 16 ሺህ ያህል ሆኖ ተገኘ። ከዚያም ላይ ከአምስት ሺህ የሚበልጠው ቱራ በምትባለው መቀመጫዋ ተሰብስቧል።

ከቱራ ዓመቱን ሙሉ የሚያስወጣ የመኪና መንገድ የለም። መንገድ የሚከፍተው ብርዱ ነው። በጃንዋሪ ቅዝቃዜው በአማካይ ከዜሮ በታች 36 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ወንዙም ረግረጉም ድንጋይ ይሆናል፤ ያኔ ከባድ መኪና ይሄድበታል። ሩሲያውያን ይህን የበረዶ መንገድ «ዚምኒክ» ይሉታል። ሙቀት ሲመጣ መንገዱ ይቀልጥና ተራው የታችኛው ቱንጉስካ ወንዝ ይሆናል። በሜይ መጨረሻ ግድም በረዶው ተሰባብሮ ወንዙ ሲሞላ ነዳጅና እህል የጫኑ መርከቦች ይሽቀዳደማሉ፤ ጊዜያቸው ጥቂት ሳምንት ነው። ውኃው ከጎደለ ወንዙ ውስጥ ያለው ቋጥኝ አያሳልፍም።

ለወረዳዋ ስሟን የሰጧት ኤቨንኪዎች ዛሬ ከአምስት ነዋሪ አንዱን ቢሆኑ ነው። «ሻማን» (መንፈስ ጠሪ) የሚለው ቃል በሩሲያኛ በኩል ወደ ዓለም የወጣው ከነሱ ቋንቋ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ኮርቻቸው ነው። ሬይንዲር የተባለውን የበረዶ አገር አጋዘን ይጋልባሉ፤ ወገቡ ሸክም ስለማይችል ኮርቻውን ትከሻው ላይ ያደርጉታል። እርካብ የለውም። ጋላቢው በትር ተመርኩዞ ይወጣል፣ ከወጣም በኋላ በዚያው በትር ሚዛኑን ይጠብቃል።

ዓለም ይህን አገር የሚያውቀው በአንድ ማለዳ ነው። ጁን 30 ቀን 1908 ከሰማይ የመጣ አካል ቫናቫራ ከምትባል የወረዳዋ መንደር 65 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አየር ላይ ፈነዳ። ቫናቫራ ደጁ ላይ የተቀመጠ ሰው ሸሚዙ የተቃጠለ እስኪመስለው ሙቀቱ ለበለበው፤ ከተቀመጠበትም ተወረወረ። ከ2 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ደን ተነጠፈ። ፍንዳታውን ሊመረምር የሄደው ሳይንቲስት ሊዮኒድ ኩሊክ በ1927 ሲደርስ የጠበቀውን ጉድጓድ አላገኘም፤ መሀሉ ላይ ያሉት ዛፎች ቅርንጫፋቸው ተመልምሎ እንደ ስልክ እንጨት ቆመው ነበር።

የሩሲያ ምድር እምብርት ተብሎ የተለካው ነጥብም እዚሁ፣ ቪቪ ሐይቅ ዳር ነው። በ1992 ሐውልት ቆሞለታል። በአካባቢው ሰፈር የለም፤ ሊያየው የሚሻ በሄሊኮፕተር ይሄዳል።