በኪስ ውስጥ ያለ ኮምፒውተር፦ መጫወቻና መሥሪያ



ንግግሬን በራሴ ስሕተት ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በማስተምርበት ክፍል የኋለኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ስልኩን በሁለት አውራ ጣቶቹ የሚነካካ ተማሪ አየሁ። ጌም የሚጫወት መስሎኝ በጓደኞቹ ፊት ገሠጽሁት፤ ስልኩንም ተቀበልሁት። ከክፍል ስወጣ ስክሪኑን ተመለከትሁ። በፓይተን የተጻፈ ፕሮግራም ነበር፤ ያውም እኔው ራሴ የሰጠሁት የቤት ሥራ። ልጁ የቡራዩ ነዋሪ ነው፤ ላፕቶፕ የለውም። አስኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ ሲቆም፣ ማታ ሰፈሩ መብራት ሲጠፋ፣ የሚሠራው በዚያችው ስልክ ነው። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ሆኖም ያን ስልክ ባየሁ ጊዜ ጨዋታ ብቻ ለምን እንደ ታየኝ ራሴን መጠየቅ አልተውሁም።

ዛሬ በሸገር ከተማ ከተጠቃለሉት ከሰበታ በአየር ጤና፣ ከቡራዩ በአስኮ፣ ከሱሉልታ ደግሞ የእንጦጦን ተራራ ተሻግራችሁ በአዲሱ ገበያ በኩል የምትመላለሱ በዚህ አዳራሽ ብዙዎች ናችሁ። በየቀኑ በመንገድ ላይ የምታሳልፉት ሰዓት ቀላል አይደለም፤ በዚያ ሰዓት አብሯችሁ ያለው ኮምፒውተርም ስልካችሁ ነው።

ተለባሽ ኮምፒውተር የተወለደው ለጨዋታ እንደ ሆነ ብዙ ሰው አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1961 የሒሳብ ሊቁ ኤድዋርድ ቶርፕና የኢንፎርሜሽን ቲዎሪ አባት የሚባለው ክሎድ ሻነን የሲጋራ ፓኮ የምታህል፣ 12 ትራንዚስተር ያላት መሣሪያ ሠሩ። የሩሌት ኳስ የት አካባቢ እንደምታርፍ የምትተነብይ ነበረች። አንደኛው ሰው ጫማው ውስጥ በተደበቀ ማብሪያ የኳሷን ዙር በእግር ጣቱ ይለካል፤ ውጤቱ በሬዲዮ ተላልፎ በሌላኛው ሰው ጆሮ እንደ ዜማ ይሰማል። በላስ ቬጋስ ሲሞክሯት ወደ ጆሮ የምትሄደው ቀጭን ሽቦ እየተበጠሰች አስቸገረቻቸው። (ይህን የማወሳው ቁማርን ለማወደስ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ።) ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው፣ ተጫዋቹና ሠሪው አንድ ሰው እንደ ነበሩ ነው።

ኋላ ግን ተለያዩ። በ1982 የወጣው ሲንክሌር ስፔክትረም ገና ሲበራ ባለቤቱን ቤዚክ በተባለው ቋንቋ ትእዛዝ እንዲጽፍ ይጋብዘው ነበር። በ1989 የወጣው ጌም ቦይ ግን ካርትሪጅ ከመክተትና ከመጫወት በቀር ለባለቤቱ ምንም በር አልተወለትም። ዛሬ የምንይዘው ስልክ በጠባዩ ለጌም ቦይ ይቀርባል።

ይህ ጉዳይ በአገራችን የተፈተነበት ቦታ ሩቅ አይደለም። ከቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ከሰበታም በወሊሶ መንገድ ብትሄዱ፣ በሁለቱም በኩል ወንጪ ትደርሳላችሁ። በ2012 «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ድርጅት በወንጪና በስምጥ ሸለቆው ወለንጪቲ ማንበብ ለማይችሉ ሕፃናት በየመንደሩ 20 ያህል ሞቶሮላ ዙም ታብሌቶች ሰጠ። አስተማሪ አልነበረም፤ አዋቂዎቹ የተማሩት በፀሐይ ኃይል ቻርጅ ማድረግን ብቻ ነው። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደ ተናገሩት፣ አንድ ልጅ በ4 ደቂቃ ሣጥኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ፤ በ5 ወር ውስጥም ልጆቹ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ከፍተው «አንድሮይድን ሰበሩ»።

ይህን ወሬ በጥንቃቄ ልንሰማው ይገባል፤ ተራኪው የሥራው ባለቤት ናቸውና። በእኔ ግምት ልጆቹ የለወጡት ቅንብር ነው፤ ቅንብር ከመለወጥ ፕሮግራም እስከ መጻፍ ያለው መንገድ ረጅም ነው። ቢሆንም የልጆቹን ድርጊት ማቃለል ነውር ይሆናል።

እኔን ይልቅ የሚቆጨኝ ከዚያ በፊት ወደ አገራችን የገባው ኤክስኦ የተባለው የዚሁ ድርጅት ላፕቶፕ ነው። በ433 ሜጋኸርትዝ ፕሮሰሰርና በ256 ሜጋባይት ራም ይሠራ የነበረ ደካማ መሣሪያ ነው። ይሁንና ስክሪኑ በፀሐይ ብርሃን ይነበባል፤ በፊደላችን የተዘጋጀ ኪቦርድ ነበረው፤ ፓይተን የሚጻፍበት ፕሮግራምም ተጭኖለት ነበር። ከሁሉ በላይ፣ ልጁ የከፈተው ፕሮግራም ከምን እንደ ተሠራ ኮዱን የሚያሳይ አንድ ልዩ ቁልፍ ነበረው። በስልካችሁ ላይ እንዲህ ያለ ቁልፍ ፈልጉ፤ አታገኙም።

እንግዲህ ችግሩ የጉልበት ማነስ አይደለም። ርካሹ ስልካችሁ እንኳ ከኤክስኦ እጅግ ይበልጣል። ችግሩ ጣት ላይ ይጀምራል። በጃቫ አንድ ጥምዝ ቅንፍ ለመጻፍ የስልኩን ኪቦርድ ወደ ምልክቶች ገጽ፣ አንዳንዴም ወደ ሁለተኛው የምልክቶች ገጽ መለወጥ ያስፈልጋል፤ ያንኑ ቅንፍ ለመዝጋት እንደገና። ኪቦርዱ ሲከፈት ስክሪኑን ግማሽ ያህል ይሸፍነዋል። ታድ ስታርነር የተባለው የተለባሽ ኮምፒውተር ተመራማሪ ከ1993 ጀምሮ ኮምፒውተሩን ለብሶ ሲውል ይህን ችግር የፈታው በአንድ እጅ በሚያዝ ትዊድለር በተባለ ኪቦርድ ነው። እኛ ዘንድ የሚቀልለው መደበኛ ኪቦርድ በኦቲጂ ገመድ ከስልክ ጋር ማገናኘት ነው። በተጨማሪም በስልክ ለሚጀምር ሰው ከጃቫ ይልቅ ፓይተንን እመክራለሁ፤ ቅንፍ አያበዛም። ፓይድሮይድ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ተርመክስ ደግሞ የሊነክስን የትእዛዝ መስኮት በስልክ ላይ ይከፍታል። ረጅም ጊዜ የሚሠራ ፕሮግራም ግን አትመኑበት፤ አንድሮይድ ባትሪ ለመቆጠብ ሲል ሳይነግራችሁ ይዘጋዋል።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና የአንድሮይድ መተግበሪያ መሥራትንም ያስተምራል፤ መልካም ነው። ሆኖም ለዚያ ሥራ የተለመደው አንድሮይድ ስቱዲዮ ቢያንስ 8 ጊጋባይት ራም ያለው ኮምፒውተር ይጠይቃል። ለስልክ የሚሆን ፕሮግራም ለመሥራት ስልክ ብቻ ያለው ሰው ደጅ ይቀራል ማለት ነው።

ከዚያ የቡራዩ ልጅ በኋላ እኔም የቤት ሥራዬን ለወጥሁ። በስልክም ሊሠራ የሚችል፣ ከጨዋታ የሚነሣ እንዲሆን አደረግሁት፤ ገበጣን መረጥሁ። በሁለት ረድፍ 12 ጉድጓድ ያለው ገበጣ በፓይተን አንድ ዝርዝር ነው፤ በእያንዳንዱ ቦታ የጠጠሩ ቁጥር ይቀመጣል። ጠጠር እየጣሉ መዞር ማለት የቦታውን ቁጥር በአንድ እየጨመሩ፣ ለ12 ሲካፈል የሚተርፈውን መውሰድ ነው፤ ከመጨረሻው ጉድጓድ በኋላ ወደ መጀመሪያው የሚመልሰን ይህ ትርፍ ነው። ከዚህ በላይ ያለው ሁሉ ሕግ ነው፦ ማን መቼ ይበላል፣ ተራው መቼ ያልፋል።

ያው ተማሪ ሥራውን ከቀጠሮው አንድ ቀን አሳልፎ አመጣ። ምክንያቱን ስጠይቀው፣ ታናሽ እኅቱ በስልኩ ላይ ስትጫወት «እኛ ሰፈር እንዲህ አይደለም የሚበላው» ብላ እንዳስቆመችው ነገረኝ። ሦስት መስመር መለወጥ ነበረበት፤ የለወጠውም እሷ አጠገቡ ተቀምጣ እያየች ነው።