አሻራ የተሰጠበት አገር፦ አውሮፓ የስደተኛን ኃላፊነት እንዴት ትካፈላለች?

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 9 ቀን 2015 ከሮም ቻምፒኖ አውሮፕላን ማረፊያ 19 ኤርትራውያን ወደ ስዊድን በረሩ። የሸኟቸው የአውሮፓ ኅብረት ኮሚሽነርና የጣሊያን የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ። ለ19 ሰው ይህ ሁሉ ሥነ ሥርዓት የተደረገው በረራው የመጀመሪያው ስለነበረ ነው። ኅብረቱ 160,000 ጥገኝነት ጠያቂዎችን ከጣሊያንና ከግሪክ ወደ ሌሎች አባል አገሮች ለማዛወር ወስኖ ነበር። በመጨረሻ የተዛወሩት 35,000 ገደማ ናቸው፤ ሃንጋሪና ፖላንድ አንድም ሰው አልተቀበሉም።

የጭቅጭቁ ሥር በ1990 የተፈረመው የደብሊን ስምምነት ነው። ስምምነቱ የአንድን ጥገኝነት ጠያቂ ጉዳይ አንድ አገር ብቻ እንዲያይ ያዛል። የትኛው አገር? መጀመሪያ ቤተሰብ ያለበት፣ ቀጥሎ ቪዛ የሰጠው፣ ሁለቱም ከሌሉ ሰውየው ያለ ፈቃድ መጀመሪያ የረገጠው። ከሊቢያ በጀልባ የተሻገረ ሰው ቪዛ ስለማይኖረው ኃላፊነቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው ጣሊያን ላይ ነው።

ማስረጃው አሻራ ነው። ከ2003 ጀምሮ ዩሮዳክ የተባለው የመረጃ ቋት ዕድሜው 14 ዓመት የሞላውን ሁሉ አሻራ ሲመዘግብ ቆይቷል። በጣሊያኗ ደሴት ላምፔዱሳ አሻራ የሰጠ ወጣት ጀርመን ገብቶ ኬዝ ሲከፍት መዝገቡ ወደ ጣሊያን ይጠቁማል። በደብሊን ሕግ መሠረት ጣሊያን ልትቀበለው ከተስማማች በኋላ በስድስት ወር ውስጥ ካልተመለሰ ግን ኃላፊነቱ ወደ ጀርመን ይዞራል፤ ከተሰወረ ጊዜው እስከ 18 ወር ይራዘማል። ብዙዎች መጀመሪያ በረገጡት አገር አሻራ ላለመስጠት የሚታገሉት መዝገቡ ወደዚያ እንዳይመልሳቸው ነው።

በ2024 የጸደቀውና ከጁን 2026 ጀምሮ እንዲሠራ የተደነገገው አዲሱ የኅብረቱ ውል የመጀመሪያውን አገር መርሕ አልሻረም። እንዲያውም አሻራ የሚወሰድበትን ዕድሜ ወደ ስድስት ዓመት ዝቅ አድርጎታል። አዲሱ ነገር መዋጮው ነው፦ እያንዳንዱ አባል አገር ወይ ሰው ይቀበላል፣ ወይ በአንድ ሰው 20,000 ዩሮ ይከፍላል፣ ወይ በባለሙያና በቁሳቁስ ያግዛል።

እርስ በርስ መስማማት ያቃታቸው አገሮች ከድንበራቸው ውጭም መፍትሔ ፈልገዋል። በኖቬምበር 2015 ማልታ፣ ቫሌታ ላይ በ1.8 ቢሊዮን ዩሮ ለአፍሪካ የአደራ ፈንድ አቋቋሙ። በዓመቱ ብሪታንያ፣ የአውሮፓ ኅብረትና የዓለም ባንክ በ500 ሚሊዮን ዶላር በኢትዮጵያ 100,000 የሥራ ዕድል ለመፍጠር ዕቅድ ይፋ አደረጉ፤ 30,000ው ለስደተኞች የታሰበ ነበር። መሠረቱም የኢንዱስትሪ ፓርክ ሆነ። ስደተኛ ሠርቶ እንዲያድር በር የከፈተው አዋጅ ቁጥር 1110ም በ2011 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2019) ወጣ።

ሒሳቡ ግን ይለያያል። በአውሮፓ ውስጥ መዋጮው በአንድ ሰው 20,000 ዩሮ ነው፤ 500 ሚሊዮኑ ግን ለ100,000 ሥራ ሲካፈል ለአንድ ሥራ 5,000 ዶላር ይደርሳል፤ በገንዘቡም ውስጥ ብድር አለበት። ኢትዮጵያ ደግሞ ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራና ከሱዳን የመጡ አንድ ሚሊዮን ያህል ስደተኞችን ታስተናግዳለች። ጋምቤላንም ላምፔዱሳንም ተቀባይ ያደረጋቸው ጉርብትና ነው። ልዩነቱ ሕጉ ላይ ነው፦ በአውሮፓ ውስጥ ጎረቤትን ማገዝ ግዴታ ሆኖ ተጽፏል፤ በ2018 የጸደቀው ዓለም አቀፍ የስደተኞች ስምምነት ግን ማንንም በሕግ አያስገድድም። ጣሊያን ከሌሎቹ አባል አገሮች መዋጮ መጠየቅ ትችላለች፤ ኢትዮጵያ የምትጠብቀው የለጋሾችን በጎ ፈቃድ ነው።