ኬኩን የበላው ማን ነው?

«አንተ ነህ የበላኸው!» ይህን ቃል በየቤታችን ስንት ጊዜ ተናግረነው ይሆን?

ባለፈው ክረምት አንድ ምሽት ልጆቼን ሰብስቤ ሥዕል ያለበት የልጆች መጽሐፍ አነበብኩላቸው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስለሆነ እያነበብኩ በአማርኛ እነግራቸው ነበር። ርእሱ «ታላቁ የኬክ ምሥጢር» እንደ ማለት ነው፤ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2012 ታትሟል። ደራሲው አሌክሳንደር ማካል ስሚዝ በዚምባብዌ ተወልዶ በቦትስዋና ዩኒቨርሲቲ ሕግ ያስተማረ ሰው ነው። ሥዕሎቹ የኢየን ማኪንቶሽ ናቸው።

ታሪኩ የሚፈጸመው በቦትስዋና ነው። ፕሬሸስ የምትባል ትንሽ ልጅ በምትማርበት ትምህርት ቤት የልጆች ኬክና ምግብ ይጠፋ ጀመር። ወዲያው ጣት የተቀሰረው ፖሎኮ በሚባል ልጅ ላይ ነው። ሲሰርቅ ያየው አልነበረም። ነገር ግን ወፍራም ነው፤ መብላትም ይወዳል። ፕሬሸስ ግን «ማስረጃ ሳይኖር አይፈረድበትም» አለች። የሚያጣብቅ ኬክ ጋግራ አስቀመጠች። እጃቸው ተጣብቆ የተያዙት ሌቦች ጦጣዎች ሆነው ተገኙ!

ልጆቼ በሳቅ ፈነዱ። እኔ ግን አልሳቅኩም።

ከሁለት ዓመት በፊት ለገና እንግዶች የጋገርኩት ኬክ ከጎኑ ተቆርሶ አገኘሁት። ማንንም ሳልጠይቅ ፊቴን ያዞርኩት በቤት ሥራ ወደምታግዘን ልጅ ነበር። «አንቺ ነሽ አይደል?» አልኳት። አቀርቅራ አለቀሰች። ልቅሶዋንም እንደ ማስረጃ ቆጠርኩት። በማግስቱ አልጋ ሳነጥፍ ፍርፋሪውን ከትንሹ ልጄ ትራስ ሥር አገኘሁ። ልጄን ገሠጽኩ፤ እርሷን ግን ይቅርታ አልጠየቅኩም። በዚያው ወር ለእህቶች ከያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 3 ስለ አንደበት አስተምሬ ነበር።

መጽሐፉን ስዘጋ ያው ትንሹ ልጄ፣ «እማዬ፣ እኛስ እሷን ይቅርታ ጠይቀናታል?» አለኝ። መልስ አጣሁ።

ጠዋት ልጄን ይዤ ወጥ ቤት ገባሁና ሁለታችንም ይቅርታ ጠየቅናት። «ተዪው እትዬ፣ ረስቼዋለሁ» አለች። እንባዋ ግን እንዳልረሳችው ነገረኝ።

ውድ ወላጆች፣ ዮሴፍ ወኅኒ የወረደው በእጅ በተያዘ ልብስና ባልተመረመረ ክስ ነበር (ዘፍ. 39)። ጌታም በመልክ እንዳንፈርድ አስተምሮናል (ዮሐ. 7፥24)። ሳይሰሙ መመለስ ስንፍና እንደ ሆነም ጠቢቡ ይነግረናል (ምሳ. 18፥13)። በሐሰት አለመመስከር የሚለው ትእዛዝ ለፍርድ ቤት ብቻ ሳይሆን ለወጥ ቤታችንም ነው።

እንግዲህ በቤታችን አንድ ነገር ሲጠፋ፦

1. ከመክሰሳችን በፊት እንጠይቅ፤ መልሱንም እስከ መጨረሻ እንስማ።

2. ባለፈው ጥፋቱ፣ በመልኩ ወይም በድህነቱ ማንንም አንጠርጥር። ባልና ሚስትም ገንዘብ ሲጎድል ወይም አንዱ ሲያመሽ እንዲሁ እናድርግ።

3. ስንሳሳት፣ በልጆቻችን ፊት የከሰስነውን በልጆቻችን ፊት ይቅርታ እንጠይቅ። ልጆች ከስብከታችን ይልቅ ይህን ያስታውሳሉ።

ዛሬ በእናንተ ቤት ይቅርታ ሳይጠየቅ የቀረ «ፖሎኮ» ይኖር ይሆን? ፀሐይ ሳትጠልቅ ሂዱና አነጋግሩት። ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።