ማቆም የሚቻል ትምህርት

በፕላዝማ ቴሌቪዥን የተማረ ሰው አንድ ነገር አይረሳም፤ የስክሪኑ መምህር ማንንም አይጠብቅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 አካባቢ ወደ ኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው የሳተላይት ትምህርት ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣ፣ በእንግሊዝኛ ይናገር፣ ሰዓቱን ጠብቆ ይሄድ ነበር። ያልገባው ተማሪ ይቅርና አጠገቡ የቆመው መምህር እንኳ «ቆይ፣ ይህችን ልድገማት» ሊለው አይችልም ነበር።

ፖድካስት የዚህ ተቃራኒ ነው። ሲሰሙት ሬዲዮ ይመስላል፤ ሰዓቱ ግን የአድማጩ ነው። አዘጋጁ የተቀዳውን ድምፅ ኢንተርኔት ላይ ያስቀምጣል። የክፍሎቹ ርዕስና አድራሻ አርኤስኤስ በሚባል የጽሑፍ ፋይል ይዘረዘራል፤ የስልኩ መተግበሪያም ያንን ዝርዝር እየጎበኘ አዲስ ነገር ሲያገኝ ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ2005 አፕል አይቱንስ ውስጥ ካስገባው በኋላ ከጥቂት የኮምፒውተር ወዳጆች እጅ ወጥቶ ብዙ ሰው ዘንድ ደረሰ። እኛ ዘንድ ብዙ ሰው በዩቲዩብና በቴሌግራም ስለሚያዳምጥ ጥብቅ ባለሙያ «ይሄማ ፖድካስት አይባልም» ይል ይሆናል። ይበል። ለአስተማሪ ቁም ነገሩ ፋይሉ ስልክ ውስጥ መግባቱ ነው። በ64 ኪሎቢት የተቀዳ የ15 ደቂቃ ንግግር 7 ሜጋባይት ገደማ ስለሚሆን፣ ዋይፋይ ባለበት አውርዶ ኔትወርክ ወደሌለበት ወረዳ ይዞት መሄድ ይቻላል።

ለቋንቋ ተማሪ ከሚመቹት አንዱ የቢቢሲው «ሲክስ ሚኒት ኢንግሊሽ» ነው። ሁለት አቅራቢዎች በአንድ ጉዳይ ይጨዋወታሉ፤ መግቢያው ላይ ጥያቄ ጥለው መልሱን እስከ መጨረሻው ያቆዩታል፣ በመሃል የመጡትን አዳዲስ ቃላትም ይከልሳሉ። ለተማሪ ብሎ ረጋ ብሎ መናገር ግን ከፖድካስት ይቀድማል። የአሜሪካ ድምፅ እ.ኤ.አ. በ1959 «ስፔሻል ኢንግሊሽ»ን የጀመረው በ1,500 ገደማ ቃላትና በዝግታ ንባብ ነበር። ያኔ ያመለጠ አመለጠ፤ ዛሬ አሥር ሰከንድ ወደኋላ መመለስ አንድ ጣት ነው የሚፈልገው።

ይህን ጣት የማይጠቀም አድማጭ ብዙ አያተርፍም። ዕቃ እያጠቡ መስማት ጆሮን ከዜማው ጋር ያላምድ ይሆናል እንጂ አፍ አይፈታም። መጀመሪያ የንግግሩን ጽሑፍ ሳያዩ እስከ መጨረሻው ማዳመጥ፣ ቀጥሎ በየዓረፍተ ነገሩ እያቆሙ ድምፅ አውጥቶ መድገም፣ ጽሑፉን በመጨረሻ ገልጦ የሳቱትን ማረም ይሻላል። ጽሑፉን አስቀድሞ ያነበበ ሰው የሚያዳምጥ ይመስለዋል እንጂ የሚያስታውሰው ያነበበውን ነው።

ለመምህራን ተብለው የሚዘጋጁ ፖድካስቶችም አሉ። የብሪቲሽ ካውንስል «ቲቺንግ ኢንግሊሽ» ፖድካስት በተለያዩ አገሮች የሚያስተምሩ ሰዎችን ስለ ክፍላቸው ያነጋግራል፤ «ቴፍል ኮሚዩት» ደግሞ ከስሙ ጀምሮ ወደ ሥራ ለሚጓዝ የቋንቋ አስተማሪ የታሰበ ነበር። አዳራሽ ተሰብስቦ ከሚሰጥ የአንድ ቀን ሥልጠና ይልቅ እነዚህን እመርጣለሁ፤ መምህሩ ሰኞ የሰማውን ማክሰኞ ክፍል ውስጥ ሞክሮ፣ ካልሆነለት ረቡዕ መልሶ ያዳምጠዋል።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን መምህሩ ራሱን ሲቀዳ ነው። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜሪ ባድ ሮው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባሳተመቻቸው ጥናቶች የመምህራንን ቅጂ አዳምጣ ያገኘችው ነገር ዛሬም ያስደንቃል፤ መምህራን ጥያቄ ጠይቀው የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ነበር። ዝምታው ወደ ሦስት ሰከንድ ሲረዝም የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፣ «አላውቅም» ማለትና ዝም ማለት ቀነሰ፣ ራሳቸውም መጠየቅ ጀመሩ። በባዕድ ቋንቋ ለሚመልስ ልጅ እነዚያ ሰከንዶች ይበልጥ ያስፈልጉታል፤ አሳቡን አግኝቶ ገና ቃሉን እየፈለገ ነውና። መምህር ችኮላውን ክፍል ውስጥ ሆኖ አይሰማውም፤ ቅጂው ላይ ግን ይሰማዋል።

ለዚህ ስቱዲዮ አያስፈልግም። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ አሥር ደቂቃ መቅዳት፣ ከዚያ ለሁለት ለሦስት የሥራ ባልደረቦች በቴሌግራም ልኮ «የት ላይ ቸኮልኩ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ተማሪዎቹ እንደሚቀዱ አስቀድመው ይወቁ፤ ቅጂውም ከእነዚያ ባልደረቦች አይለፍ።